አንገት የሌላት ፊደል

አያቴ ጽሕፈታቸው ክፉ ነበር። ሙት መውቀሴ አይደለም፤ በሕይወት ሳሉም ሰው ሁሉ ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም አይከፋቸውም ነበር አሉ። የቤተ ክህነት ሰው ናቸው፤ ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይወጡታል፤ ብዕር ሲይዙ ግን ፊደላቸው ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላል። አንዱ ፊደል አንዱ ላይ ይወጣል፤ መሥመሩ ከግራ ቀና ብሎ ይነሣና ቀኝ ሲደርስ ወገቡን እንደታመመ ሰው ይጎብጣል። ዘመዶቼ «ብራና ውድ ስለነበር ቦታ ለመቆጠብ ነው» ይላሉ። እኔ ግን ያንን ጽሕፈት ስምንት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ያየሁት ሰው ነኝ። ቁጠባ አይደለም፤ ችኮላ ነው።

የጻፉት የቤተሰባችንን የትውልድ ሐረግ ነው። ከአባታቸው በወረሱት የብራና ዳዊት መጨረሻ ላይ ሦስት ባዶ ቅጠሎች ቀርተው ነበር፤ በእነሱ ላይ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን የት እንደተቀበረ አሰፈሩ። መጽሐፉ ከእሳቸው ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ እኔ መጣ። የልጅ ልጆቼ አሳዪን ሲሉኝ ከዚያ ሁሉ ቃል አንዲቱን ብቻ ነው በጣቴ የምጠቁምላቸው። እሷም ሦስት ፊደል ናት። የእኔ ነገር በመካከለኛዋ ፊደል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ይህን ስል እያጋነንኩ አይደለም።

ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው በኩል፣ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነበር። አባቴ ዲማ ተምረው የተመለሱ የቅኔ መምህር ነበሩ። እናቴን አላስታውሳትም፤ ጥርስ ሳላበቅል ነው የሞተችው። ጣሊያን ሲገባ የአባቴ ተማሪዎች ተበተኑ፤ አንድ ወንድሜም ዱር ገባ። የአባቴን ዓይን ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ ሞራ እየጋረደው መጥቶ፣ በዚያን ጊዜ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ምንም አያዩም ነበር። ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን።

ማንበብ ያስተማሩኝ ገና ትንሽ ሳለሁ ነው። «ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል?» ሲሏቸው «ዓይኔ እየከዳኝ ነው፤ ሌላ ዓይን እያሠራሁ ነው» ይሉ ነበር። እኔም ተሠርቼ ያለቅሁ ዓይን መሆኔን ሳውቅ ትንሽ ኩራት ቢጤ ነበረችኝ። ጎረቤቶቻችን «ይህች ልጅ ባል አታገኝም» ይሉ ነበር። ምላሴም ረዘም ያለ ስለነበር እሱንም ቆጥረው ነው የሚሉት።

ጣሊያን በገባ በመጀመሪያው ክረምት አውሮፕላን በሰማያችን መመላለስ ጀመረ፤ የተቃጠለ አገር ወሬም በየቀኑ ይመጣ ነበር። አባቴ መጽሐፉ ይደበቅ አሉ። ከነማኅደሩ በጨርቅ ጠቀለልኩትና ገብስ የምናኖርበት ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኩት። ለመስቀል ሳወጣው ጨርቁ ሲጨመቅ ውኃ ይወጣው ነበር። መዝሙሩ ደህና ነው፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ቅጠሎች ግን ተጨማደው፣ ቀለማቸው እዚህም እዚያም ለቅቆ አገኘኋቸው። አባቴ በጭንቀት «እንዴት ሆኗል?» ሲሉኝ «ትንሽ ረጥቧል» አልኳቸው። እንዳያዝኑብኝ ብዬ ነው። ዓይናቸው በጠፋ ሰው ላይ ሌላ ሐዘን ምን ይጨምርላቸዋል አልኩ።

እሱን ያወቅሁት በተከታዩ ዓመት፣ በጥቅምት ነው። የጎረቤት አጥቢያ ጭቃ ሹም ልጅ ነበር። አባቱ ለጣሊያን የሚታዘዝ፣ ለአርበኛም በጓሮ በኩል እህል የሚሰድ፣ ከሁለቱም ወገን አንዱን ሳያስቀይም ለማደር የሚጨነቅ ሹም ነው። ልጁ ማርቆስ ካለው ምሽግ የተላከ ወረቀት ይዞ፣ «መምህር ያንብቡልን ተብዬ ነው» ብሎ መጣ። አባቴ ወደ እኔ አመለከቱት። ወረቀቱን የጻፈው አስተርጓሚው ይሁን ሌላ እንጃ፣ አማርኛው ተሰባብሯል፤ ፊደሉም ከአያቴ ፊደል ቢብስ እንጂ አይሻልም። እየተደናቀፍኩ፣ ወደ ኋላ እየተመለስኩ፣ ብዙ ቆየሁበት። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኛል፤ ወይም «እስቲ ቄሱ ዘንድ ልሂድ» ብሎ ወረቀቱን ይቀማኛል። እሱ ግን ምሰሶው አጠገብ ቆሞ ዝም ብሎ ጠበቀ። ስጨርስ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና «እግዜር ይስጥልኝ፤ ደከሙ» አለኝ።

ደከሙ! እኔን! የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ቀሚሴ ላይ አመድ ያለብኝን! ማንበብ የሚችል ሁሉ አንቱ የሚባል መስሎት ይሁን አፉ አምልጦት፣ እንደ መምህር አክብሮ ተናገረኝ። አባቴ በሳቅ ፈረሱ። እሱ ፊቱ በርበሬ መስሎ ወጥቶ ሄደ፤ ዱላውንም ረስቶት ሄደ፤ ለዱላው ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ቀና ብሎ አላየኝም። ወደድኩት። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለራሷም አትናገረውም። አሁን ግን አርጅቻለሁ፤ ማን ይከለክለኛል።

ገና ካለፈ በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። እኔ ጓዳ ገብቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። በአገራችን ሰው ከመጋባቱ በፊት ከሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ በሰባት ቤት ውስጥ የተገናኙ ዘመዳሞች ናቸውና አይጋቡም። ይህን የሚቆጥሩት ሐረጉን በቃላቸው የያዙ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ነበሩ። በዚያ ዓመት ግን ከእነሱ ከፊሎቹ ሞተዋል፤ ከፊሎቹ ተሰድደዋል። የመጡት ሽማግሌዎች እየተጋገዙ፣ አንዱ የረሳውን ሌላው እያስታወሰ ቆጠሩ፤ ቆጠሩና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«የልጃችን የቅድመ አያቱ እናት ከእናንተ ቤት የወጣች ናት ሲባል እንሰማለን» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«ከእኛ ቤት ማደጓ እውነት ነው» አሉ አባቴ። «የማን ልጅ እንደሆነች ግን መጽሐፉ ቢናገር አይሻልም?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቴ ቅድመ አያት፣ እኛ የመጣንባት የመጀመሪያ ሚስቱ ከሞተች በኋላ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አገባ። ያቺ የተባለችው ልጅ ያደገችው በዚህ በሁለተኛው ትዳር ቤት ውስጥ ነው። አያቴ ይህን ሁሉ በአንድ መሥመር ጨርሰውታል፤ «መበለት አግብቶ ሴት ልጅ…» ካሉ በኋላ ያቺ ቃል ትመጣለች። ወይ «ወለደ» ናት፤ ወይ «ወሰደ» ናት። «ወለደ» ከሆነ ልጅቱ የእሱ ደም ናትና እኔና የጭቃ ሹሙ ልጅ በአምስተኛው ቤት ላይ እንገናኛለን፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። «ወሰደ» ከሆነ ግን ሴቲቱ ከሟች ባሏ የወለደቻትን ልጅ ይዛ መጥታ፣ እሱ ወስዶ አሳደጋት ማለት ነው። ያን ጊዜ በመካከላችን አንዲት ጠብታ ደም የለም።

የ«ለ»ና የ«ሰ»ን ልዩነት ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሁለቱም ሁለት እግር አላቸው፤ «ሰ» ከእግሮቿ በላይ አጭር አንገት አላት፤ «ለ» የላትም። በደህና ሰው ጽሕፈት ይህን ሕፃን ይለየዋል። በአያቴ ጽሕፈት ግን የአጥቢያችን ቄስ መጽሐፉን ፀሐይ ላይ አውጥተው፣ አርቀውም አቅርበውም ካዩ በኋላ «ወለደ» አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በልጅነቱ ዲያቆን የነበረ፣ በትከሻቸው አሻግሮ አየና «ኧረ ወሰደ ነው!» አለ። ተጨቃጨቁ። ቄሱ «የደብተራ ጽሕፈት አላውቅም ወይ!» ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ።

«ስምንት ቀን ስጡኝ» አሉ አባቴ።

«በምን ዓይንዎ ሊያዩት ነው መምህር?»

«ባለኝ ዓይን።»

እኔ ነኝ እንግዲህ ያ ዓይን። ሽማግሌዎቹ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ማርቆስ ድረስ እየጮሁ ይሄዱ ነበር። ሙሽራዋ በራሷ ሠርግ ላይ ፈራጅ ስትሆን ታይቶ ያውቃል?

በማግሥቱ ጠዋት ፀሐይ ግቢያችንን ስትሞላ ቁርበት አነጠፍኩና መጽሐፉን አግዳሚው ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። በቀጥታ ወደዚያች ቃል አልሄድኩም። የሰውን ጽሕፈት ለማንበብ መጀመሪያ ሰውየውን መልመድ እንደሚያስፈልግ አባቴ አስተምረውኝ ነበር፤ የት እንደሚቸኩል፣ የት እንደሚደክመው፣ ብዕሩን ቀለም ውስጥ መቼ እንደሚነክር። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቅጠል ጀመርኩ። ሁለት ቀን አያቴን ስለምድ ዋልኩ። ሦስት ባል አግብታ ሦስቱንም የቀበረች ሴት አገኘሁ። በቅሎ ረግጣው የሞተ ሰው አገኘሁ፤ አያቴ አጠገቡ «በቅሎይቱ ክፉ ነበረች» ብለው ጽፈዋል። ከሁሉ የገረመኝ አንዲት ቀጥ ያለች መሥመር ነች። በዚያ ሁሉ ውጥንቅጥ መካከል፣ ፊደሎቿ አንድ በአንድ ተለይተው፣ ጠርተው፣ የሴት አያቴን ሞት ትናገራለች። ያቺን ሲጽፉ አልቸኮሉም። በመልክ የማላውቃቸው፣ ርቀውብኝ የነበሩት ሰውዬ በዚያች መሥመር ቀረቡኝ፤ ጣቴን ላይዋ ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ።

በሦስተኛው ቀን ሥራዬን ጀመርኩ። ከቤት ሽምብራና ምስር አመጣሁ። ጥርጥር በሌለበት «ሰ» ላይ ሁሉ አንድ ሽምብራ፣ ጥርጥር በሌለበት «ለ» ላይ ሁሉ አንድ ምስር አስቀምጣለሁ። ቅጠሉ ሲሞላ አጎንብሼ ፊደሎቹን አነጻጽራለሁ፤ ከዚያ እህሉን ሰብስቤ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ሥራው እየተቃና ሳለ ውኃ ልጠጣ ብድግ ባልኩበት የጎረቤት ዶሮ መጥታ ሦስት «ለ»ና አንድ «ሰ» ለቀመችብኝ። ስጮህ አባቴ ከውስጥ «ምን ሆንሽ?» አሉ። «ዶሮዋ ፊደል በላች» ብላቸው «እንግዲህ ከቄሱ ትሻላለች» አሉኝ።

ሽምብራና ምስሩ የነገሩኝ ግን አላሳቀኝም። አያቴ የፈለጉትን ያህል ቢቸኩሉ፣ መሥመሩ የፈለገውን ያህል ቢጎብጥ፣ «ሰ»ን አንገት አይነሷትም ነበር። አጭርም ትሁን ጎባጣ፣ አንዲት ጭረት ከላይ አለች። እኔ የምፈልጋት ፊደል ግን ጠዋት ሳያት አንገት የላትም፤ ቀትር ሳያት የላትም፤ ቅጠሉን አንሥቼ በጀርባው በኩል በብርሃን ሳያት የላትም። በምራቄ ላርሳት አሰብኩና ፈራሁ። በሰባተኛው ቀን እውነቱን አወቅሁ፤ «ወለደ» ይላል። ይውደደኝ አይውደደኝ አላውቅም፤ የምወደው ግን ዘመዴ ነው።

ቀለሙና መቃው በእጄ ነበሩ። ለአባቴ የምጽፈው እኔ ነበርኩና ከጥላሸትና ከተቆላ ገብስ ቀለም መበጥበጥ አውቃለሁ። አንዲት ጭረት፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል፣ ነገሩን ሁሉ ትጨርሰዋለች። መቃውን አንሥቼ አስቀመጥኩት። መጽሐፍ ላይ መጨመር አልደፈርኩም። አፌ ላይ መጨመር ግን ደፈርኩ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው እንዲህ አሉኝ፤

«እንግዲህ ልጄ፣ ተረጋግተሽ ንገሪኝ። ያቺ ፊደል አንገት አላት ወይስ የላትም? እንደምትነግሪኝ አደርጋለሁ።»

«አላት» አልኩ።

«በደንብ አይተሻል?»

«አይቻለሁ አባቴ።»

ፊታቸው ሲበራ አየሁ። «እንግዲያው ወሰደ ነው» ብለው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። እኔ ወጥቼ መጽሐፉን ወደ ማኅደሩ መለስኩት። በሕይወቴ ለአባቴ የዋሸሁት ትልቅ ውሸት እሱ ነው፤ ደግሞም ዓይናቸው ስለሆንኩ በራሳቸው ዓይን የዋሸኋቸው ያህል ተሰማኝ።

መምህሩ ወሰደ ነው ካሉ ማን ይከራከራል? ከዐቢይ ጾም በፊት ተጋባን። ዘመኑ ክፉ ስለነበር ሠርጉ ከበሮ እንኳ በደንብ አልተመታበትም፤ ጠላውም ቀጭን ነበር። ባሌን ግን ያው በትዕግሥት የሚጠብቅ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ስናገር ያዳምጣል፤ ስቆጣ ያልፍልኛል። እርሻ ውሎ ሲገባ ቀድሜ «ደከሙ?» እለዋለሁ፤ እሱ እንደዚያች ቀን ፊቱ በርበሬ ይመስላል። ለጎረቤት አንናገርም እንጂ እኛ ቤት ውስጥ እርስ በርስ አንቱ እየተባባልን ብዙ ስቀናል።

በዓመቱ ሴት ልጅ ወለድን። ዓይኗ የአባቴን ይመስል ነበር፤ ሞራ ሳይጋርደው በፊት የነበረውን። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። አባቷ ከደረቱ አያወርዳትም። ስትድህ በቁርበቱ ጠርዝ ላይ ትደርስና ቆማ ወደ ኋላ ዞራ ታየናለች፤ ልሂድ ወይስ ልቅር ብላ የምትጠይቅ ይመስል ነበር። ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ በኅዳር ብርድ፣ ጣሊያን ወታደር አወጣ ተብሎ ሰው ሁሉ ወደ ገደሉ ሸሸ። ሦስት ቀን ዋሻ ውስጥ ተቀመጥን። ስንመለስ ልጄ ሳል ጀምራ ነበር። በዐሥረኛው ቀን ሞተች።

ሌላው ሰው ጣሊያንን ረገመ፤ ብርዱን ረገመ። እኔ ማንን እንደምረግም አውቅ ነበር። ዘመዴን አግብቻለሁ፤ አባቴን አታልያለሁ፤ እግዚአብሔር ደግሞ ፊደሉን እንዳለ ያነባል እንጂ ማንም አያታልለውም። ባሌ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሲገላበጥ ሳየው ይብስ ያመኝ ነበር፤ የእኔን ቅጣት እሱ ምን አደረገና ይካፈላል? ልነግረው አፌን እከፍትና እዘጋዋለሁ። ብነግረው ትዳራችን ፈረሰ፤ ባልነግረው ደግሞ ነገ የምወልደውስ? ቅዳሴ ስሄድ ከውጭ ከሴቶቹ ኋላ እቆማለሁ፤ ወደ ውስጥ መግባት ያሳፍረኝ ነበር። «ሐዘኗ በዛ» ይሉኛል። ሐዘን መስሏቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና አረገዝኩ። ባሌ ደስታውን የሚያደርግበት ጠፋው። እኔ ግን ሆዴ በገፋ ቁጥር ፍርሃቴ ይገፋል። ጣሊያን ከማርቆስ ሊወጣ ነው የሚል ወሬ መጥቶ ሰው ሁሉ ሌላ የሚያወራው አልነበረውም፤ እኔ የምሰማውም አልነበረኝም። አንድ ቀን ጠዋት «አባቴን ልይ» ብዬ ተነሣሁና ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ሄድኩ።

አባቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከሩቅ በእግሬ ድምፅ አወቁኝ። «ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ፤ እርምጃሽ ከብዷል» ብለው ሳቁ። እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ሰላምታውን እንኳ በደንብ ሳንጨርስ አመለጠኝ።

«አባቴ፣ ዋሽቼዎታለሁ።»

«መቼ?»

«ያን ጊዜ። ያቺ ፊደል አንገት አልነበራትም።»

የሚቆጡ መስሎኝ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። እሳቸው ግን ግራ እንደተጋባ ሰው፣ ቀስ ብለው፣ «ምን ማለትሽ ነው አልነበራትም? እኔ አይቻታለሁ እኮ» አሉ።

«የት ያዩአታል?»

«ልጅ ሳለሁ አባቴ ያንኑ ቅጠል አስነበቡኝ። ወለደ ብዬ አነበብኩ። በኩርኩም ራሴን ብለውኝ ‹ይህች አንገት አትታይህም?› አሉኝ። የዚያችን ሴትና የእንጀራ ልጁን ታሪክ ከሥሩ አጫወቱኝ። ወሰደ ነው የሚለው። በዚያች አንገት የተመታሁት እስከ ዛሬ ያመኛል።»

«ያውቁት ነበር?»

«እኔ የቅኔ መምህር ሆኜ የራሴን ሐረግ አጣዋለሁ?»

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ? ስምንት ቀን ሙሉ ለምን…»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺ የቅኔ መምህር ልጅ ሆነሽ ሰሙን ብቻ ሰማሽ?» አሉኝ። «ወርቁን ሳትሰሚው ቀረሽ? ሹሙ ለልጁ ሽማግሌ ልኮብኛል። ወንድምሽ ዱር ነው። ልጄን አልሰጥም ብል በማግሥቱ ምን እንደሚከተል ታውቂያለሽ። መጽሐፍ ከለከለኝ ብል ግን ማንም አይቀየመኝም። አንቺን ደግሞ በምን አፌ ‹ትወጂዋለሽ ወይ?› ልበልሽ? አባት ይህን ይጠይቃል? አንቺስ ትመልሽልኛለሽ? ስለዚህ ፊደል ጠየቅሁሽ። የላትም ብትዪኝ፣ አልፈለገችውም ብዬ ሽማግሌዎቹን እመልስልሽ ነበር። አላት ስትዪኝ እውነቱና ፈቃድሽ አንድ ላይ ገጠሙልኝ ብዬ እንዴት ያለ ደስታ ደስ ብሎኝ ነበር መሰለሽ!»

ይህን ብለው ማሰብ ጀመሩ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየሁት።

«ያ መጽሐፍ ጉድጓድ ውስጥ ሲከርም ትንሽ ረጥቧል ብለሽኝ ነበር።»

«ትንሽ አልነበረም» አልኩ። «እንዳያዝኑ ብዬ ነው።»

መጽሐፉን አምጪልኝ አሉ። ከማኅደሩ አውጥቼ ጭናቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች በጣታቸው ዳሰሱ፤ የተጨማደደውን፣ የሻከረውን፣ ቀለሙ ለቅቆ የተላጠውን ሁሉ ዳሰሱ።

«እርጥበቱ በልቷታል» አሉ። «አንቺ ታዲያ ዘመዴ ነው ብለሽ አምነሽ ነው ያገባሽው?»

«አዎ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ብቻሽን ተሸክመሽው?»

«በእሱ ኃጢአት በልጄ የተቀጣሁ መስሎኝ ነበር፤ እኔ የገደልኳት።»

አባቴ ቅጠሉን ለቀቁና በእጃቸው ፈልገው ራሴን አገኙት። ከዚያ በዚያ ቅኔ በሚዘርፉበት አፋቸው፣ ምንም ሰምና ወርቅ በሌለው ቃል፣ «ልጅሽ በሳል ነው የሞተችው፤ ብርድ መትቷት፤ አንቺ ምንም አላደረግሽም» አሉኝ።

ጭናቸው ላይ ተደፋሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳለቅስ ነበር የኖርኩት፤ ያ ሁሉ ለቅሶ ግን ስለ ኃጢአቴ ነበር። ለልጄ ያለቀስኩት የዚያን ቀን ነው።